ሰባት ኮምፒውተር ለስልሳ አራት ተማሪ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የአይሲቲ መምህርት ነኝ። የተመረቅሁት በሒሳብ ነው፤ ይህን ትምህርት ያዢ የተባልኩት ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 64 ተማሪ አለ፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይደርሰኛል። ከኮምፒውተሮቻችን የሚሠሩት 7 ናቸው፣ ያውም መብራት ሲኖር። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ማስታወሻ አስጽፋለሁ። የኮምፒውተር ክፍሎችን ይሸመድዳሉ፣ ፈተናውን ያልፋሉ፤ ፎልደር ክፈቱ ስላቸው ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ወንድሙ የሞባይል ጥገና ቤት ያለው አንድ ልጅ አለ፤ ከእኔ በላይ ያውቃል፣ ሲያርመኝ ክፍሉ ይስቃል። ሌሎቹ ከቲክቶክ በቀር የሚያውቁት የለም። ርዕሰ መምህሩ የሚጠይቁኝ የፈተና ውጤት ብቻ ነው። ኅሊናዬ አላርፍ አለኝ። ይህን ትምህርት በዚህ ሁኔታ በእውነት ማስተማር ይቻላል? ወይስ ኮምፒውተር እስኪመጣ ልጠብቅ?
መ. ከኮምቦልቻ»

እህትዓለም፣ አብሽሪ። መጀመሪያ ዋናውን ጥያቄሽን ልመልስ፤ አትጠብቂ። ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ለከርሞ ሌላ ግቢ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ቢመጣም ለእነሱ አይደርስም። ደግሞስ ሃያ አዲስ ማሽን ቢገባልሽ፣ የሚሰጠው ትምህርት ያው «የኮምፒውተር ክፍሎችን ዘርዝሩ» ከሆነ ልጆቹ አሁን ካሉበት ፈቀቅ አይሉም። በ2014ቱ ጦርነት ከደሴና ከኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ምን ያህል ዕቃ እንደጠፋ አይተሻል፤ ነገሩ ያንገበግባል፣ እኔንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዕቃው እስኪተካ ግን ትምህርቱም አብሮ መቆም የለበትም።

የዚህ ትምህርት ልቡ ምን መሰለሽ? አንድን ሥራ በትንሽ በትንሹ ቆራርሶ፣ ቅደም ተከተል አስይዞ፣ ከተነገረው ሌላ ምንም ለማይገባው መሣሪያ በትክክል ማዘዝ ነው። ይህን የቻለ ልጅ ነገ የትኛውም ማሽን ቢቀርብለት አይደናገርም። ያልቻለ ደግሞ ውድ ስልክ በእጁ ይዞ እንኳ ሌላ ሰው ያዘጋጀለትን ከማየት አያልፍም። «የተመረቅሁት በሒሳብ ነው» ያልሽኝ እንደ ጉድለት ቆጥረሽው ነው። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ ያለኝ እሱ ነው፤ ነገርን በደረጃ በደረጃ መፍታት የሠለጠንሽበት ሙያ ነውና። አሁን በሁለት ምሳሌ ላሳይሽ፤ ሁለቱም ያለ መብራት የሚሰጡ ናቸው።

ከፊደል ጀምሪ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስልካችን ላይ የምንጽፋት እያንዳንዷ ፊደል ዓለም ሁሉ የተስማማባት አንድ መለያ ቁጥር አላት። መዝገቡ ዩኒኮድ ይባላል፤ የእኛ ፊደላት እዚያ የገቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ሀ 4608 ናት፤ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል። ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632፣ ሠ 4640፣ ረ 4648፣ ሰ 4656። እነዚህን ሰሌዳው ላይ ጻፊና ዝም በይ። ከአንዱ የፊደል ቤተሰብ (ሀ ሁ ሂ…) ወደ ቀጣዩ (ለ ሉ ሊ…) በየ8 እንደሚዘል ራሳቸው ይደርሱበታል። «ሰባት ሆነው ሳለ ለምን በ8?» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ያኔ ሏን አሳዪያቸው፤ ስምንተኛው ቦታ የእሷ ነው፣ 4623።

ከዚያ ይህን ስጪያቸው፦ 4656፣ 4619፣ 4637። እያሰሉ «ሰላም» ብለው ሲያነቡት ክፍሉ ምን እንደሚመስል ታዪዋለሽ። ቀጥሎ እርስ በርስ በቁጥር መልእክት ይጻጻፉ። ሕጉን በራሳቸው አፍ ይናገሩት፦ የቤተሰቡ መነሻ ቁጥር ሲደመር የፊደሏ ተራ፣ ከግዕዝ 0 እስከ ሳብዕ 6። ይኸው ነው የኮምፒውተር ሰው የሚሠራው፤ ሕግ አውጥቶ በምሳሌ ይፈትነዋል። ሕጉ የሚሰበርበትን ቦታም አትደብቂያቸው። ሸ 4664፣ ቀ 4672 ናቸው፤ በ ላይ ሲደርሱ ግን 4680 ብለው ይጠብቃሉ፣ እሷ 4704 ሆና ትገኛለች። በመካከል እነ ቈ እና የትግርኛው ቐ ቦታ ይዘዋል። ልጅ ያወጣውን ሕግ ራሱ ሲሰብር ማየት ለመምህር ትልቅ ሀብት ነው፤ አትቸኩዪበት፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅም ይፍጅ።

ከዚሁ ሳትወጪ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ «ሰላም» እና «ሠላም» ለኮምፒውተር አንድ ናቸው? አይደሉም። አንደኛው በ4656 ይጀምራል፣ ሌላው በ4640። ጆሯችን አይለያቸውም፣ ማሽኑ ግን ፍጹም ሁለት ነገር አድርጎ ያያቸዋል። ስሙ አንድ ቦታ «ኃይሉ» ሌላ ቦታ «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሲፈለግ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የቤተሰባቸው ስም በመታወቂያው፣ በባንክ ደብተሩና በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ እንዲያዩ የቤት ሥራ ስጪያቸው። ብዙ ወላጅ ልጁ ያመጣለትን ጥያቄ ሰምቶ የራሱን ወረቀት ማገላበጡ አይቀርም።

ሁለተኛው ምሳሌ ዘመን መቁጠሪያችን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር። ድምሩን ለ4 አካፍል፤ ቀሪው 3 ከሆነ የዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ናት፣ ካልሆነ 5። አሁን መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ፈልጉ በያቸው። የድምሩን አንድ አራተኛ ወስደህ ከድምሩ ጋር ደምር፣ የተገኘውን ለ7 አካፍል፣ ቀሪውን ያዝ። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ 0 ከሆነ ሰኞ ነው። 2018ን እንይ፦ 7518፤ አንድ አራተኛው 1879፤ ሲደመሩ 9397፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3፤ ሐሙስ። በእርግጥም ሐሙስ ነበር። 2019ን ለብቻቸው ያውጡት፤ ቀሪው 4 ይመጣል፣ ዓርብ ነው፤ ጳጉሜኗም 6 ትሆናለች። ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጋር ያመሳክሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ተኩል ነው፤ እኔ ግን ተኩሉን ዝም ብዬ ጣልኩት። ሰው ስለሆንሽ አልፈሽኝ ይሆናል፤ ማሽን ግን አያልፍም። ስለዚህ ይህን ጨዋታ አጫውቻቸው፦ አንዱ ልጅ ማሽን ይሁን፣ ሌላው ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ ይስጠው። ማሽን የሆነው ልጅ የተጻፈውን ብቻ እንጂ በልቡ የሚያውቀውን እንዳይጨምር። ተኩሉን ይዞ ይደምራል፣ መልሱ ይበላሻል፣ ክፍሉ ይንጫጫል። ያን ጊዜ ትእዛዙን የጻፈው ልጅ ተመልሶ «ክፍልፋዩን ጣል» የሚል መስመር ይጨምራል። ፕሮግራም አድራጊ ከሥራ ዘመኑ ግማሹን የሚያሳልፈው እንዲህ ነው ብለሽ ብትነግሪያቸው አልዋሸሽም። ከዚያ ከ2000 እስከ 2030 ያለውን ሁሉ በእጃቸው ያውጡ። ሲሰለቻቸው፣ ኮምፒውተር ለምን እንደተፈለገ ያለ ማስታወሻ ይገባቸዋል። መብራት በመጣ ቀን ያንኑ ሕግ ኤክሴል (የሠንጠረዥ ፕሮግራም) ላይ አንዴ ጽፈው ወደ ታች ሲስቡትና ሠላሳ አንዱም ዓመት በአንድ ጊዜ ሲሞላላቸው፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ደስታ ነው የሚሰማቸው።

አሁን ወደ ሰባቱ ማሽኖች። 64 ልጅ በአንድ ጊዜ ከበባቸው ማለት በአንድ ማሽን ዘጠኝ ሰው ማለት ነው፤ አንዱ ይነካል፣ ስምንቱ የሰው ማጅራት ያያሉ። ይህን ተዪው። በአንድ ክፍለ ጊዜ 14 ልጅ ብቻ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ማሽን ላይ ይቀመጡ፤ ሌሎቹ እዚያው ክፍል ውስጥ የወረቀቱን ሥራ ይሥሩ። በአምስት ክፍለ ጊዜ ሁሉም ይዳረሳል፤ ባንቺ ፕሮግራም ሁለት ሳምንት ተኩል ነው። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ልጅ በሁለት ሳምንት ተኩል አንዴ ኪቦርዱ በእርግጥ የእሱ ሆኖ ሲያገኘው፣ ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ቆሞ ከማየት በብዙ ይበልጥበታል።

ማን መጀመሪያ ይነካል የሚለውን ለዕድል አትተዪው፤ እዚህ ላይ ጥብቅ ሁኚ ብዬ እለምንሻለሁ። ቤቱ ላፕቶፕ ወይም የራሱ ስልክ ያለው ልጅ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ ማውዙን ይይዝና አይለቅም። ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የሚመጣው፣ እናቱ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ እስክትወጣ ታናናሾቹን የሚጠብቀው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴቶቹ፣ ዝም ብለው ወደ ኋላ ይላሉ። ጥንዶቹን አንቺ መድቢ። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ኪቦርዱ የዚያ ዝምተኛ ልጅ ይሁን፤ የሚያውቀው ትእዛዙን እያነበበ በአፉ ብቻ ይርዳ። ከዚያ ይቀያየሩ። ሴትና ወንድ ሲጣመሩ ወንዱ ጸሐፊ እሷ አንባቢ ሆና እንዳትቀር ዓይንሽ እዚያ ይሁን።

ለአንድ ቀን አንድ ሥራ ብቻ። የመጀመሪያው ፎልደሩ ይሁን፣ እንዳልሽው ያቃታቸው እሱ ስለሆነ። ማሽኑን አብሩ፣ በስማችሁ ፎልደር ክፈቱ፣ ስማችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ እዚያ ውስጥ ሴቭ አድርጉ፣ ሁሉንም ዝጉ፣ ከዚያ ፈልጋችሁ አውጡት። «ፈልጋችሁ አውጡት» የምትለዋን አትርሺ፤ ትምህርቱ ያለው እሷ ላይ ነው። ልጆቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም የሚያዩሽ፤ ስልክ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ለተጠቃሚው አያሳይም፣ ቪዲዮው ዝም ብሎ ይመጣል። የሆነ ነገር የሆነ ቦታ እንደሚቀመጥ፣ ቦታውም አድራሻ እንዳለው እስካሁን የነገራቸው የለም። አማርኛውን ለመጻፍ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ኪማን የሚባለውም በነፃ ይገኛል።

መብራቱን በተመለከተ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ዕቅድ ያዢ፤ ሲኖር የምትሰጪው፣ ሲጠፋ የምትሰጪው። መሃል ላይ ጠፍቶ የጻፉት ሲጠፋባቸው አትዘኚ፤ ቶሎ ቶሎ ሴቭ ማድረግን ከዚያ በላይ የሚያስተምር የለም። ጣታቸውን ለማለማመድ ደግሞ የኪቦርዱን ሥዕል በካርቶን ላይ አሥሪያቸውና አመልካች ጣቶቻቸውን ኤፍ እና ጄ ላይ አስቀምጠው ይለማመዱ። በእውነተኛው ኪቦርድ በእነዚህ ሁለት ፊደላት ላይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጣት ሳያይ ቦታውን እንዲያገኝ ነው።

የፍላሹ ነገር አጭር ነው፤ ተማሪ ከውጭ ይዞ የመጣውን ፍላሽ አይሰካ። ያቺ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የምታደርግ ቫይረስ ሰባቱንም በአንድ ከሰዓት ትጨርስልሻለች።

ማሽኖቹ ከቻሉ ስክራችን ጫኚ። ከአሜሪካው ኤምአይቲ የወጣ፣ ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ነፃ መሣሪያ ነው፤ የተዘጋጀውም በትክክል ለዚህ ዕድሜ ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አዲሱ ዕትም ላይ ከቋንቋዎቹ መካከል አማርኛ አለ። አዲሱ ግን ዊንዶውስ 10ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የእናንተ ማሽኖች ያረጁ ከሆኑ 1.4 የተባለው የድሮው በደካማ ማሽንም ይሠራል። የጳጉሜንን ሕግ በወረቀት የጨረሰ ልጅ ስክራች ላይ ሲደርስ የሚማረው አዝራሮቹን ብቻ ነው።

ያ የሚያርምሽ ልጅ ጠላትሽ አይደለም። ሲያርምሽ ትክክል ከሆነ «ልክ ነህ፣ ለሁላችንም አሳየን» በዪ፤ ሳቁ በሁለተኛው ቀን ያልቃል። ከዚያ ሥራ ስጪው፤ ማሽኖቹን አብሪና አጥፊ፣ ገመድ ፈታሽ፣ የተበላሸ ለዪ ይሁን። አንድ ሕግ ግን ይኑረው፦ ጓደኛውን ሲረዳ እጁ ኪሱ ውስጥ ይሁን፣ በአፉ ብቻ ያስረዳ። በእጁ ነክቶ ከሠራላቸው ማንም አይማርም፣ እሱም ማስረዳት አይለምድም። ደግሞ የሰውን የይለፍ ቃል መስበርን እንደ ጀግንነት እንዳያየው ለብቻ አነጋግሪው። ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ወይም አካውንት ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ይህን ሳታስፈራሪው፣ እንደምታከብሪው ሰው ንገሪው።

ስለ ቲክቶክ ትግል አትግጠሚ። ይልቅ እነዚህ ልጆች በቤታቸው የተሸከሙትን ኃላፊነት አስቢ። ቴሌብር በ2013 ከጀመረ ወዲህ በየቤቱ የማያነቡ እናቶችና አያቶች ገንዘብ የሚልኩትና የሚቀበሉት በልጅ እጅ ነው። የ13 ዓመት ልጅ የአያቱን የሚስጥር ቁጥር ያውቃል! ማንም ግን ስለዚህ አስተምሮት አያውቅም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ስጪ። የሚስጥር ቁጥሩን አያት ራሳቸው እንዲያስገቡ እንዴት ይረዳቸዋል? «ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ሲደወል ምን ይላል? ቁጥሩ ለምን እንደተላከና ለደዋዩ ምን በር እንደሚከፍት በሰሌዳ ላይ አሳዪ። በቴሌግራም ከጓደኛ አካውንት «ኮድ ልኬብህ ነበር፣ መልሰህ ላክልኝ» የሚለውም ያው ነው፤ ያ ጓደኛ ቀድሞ የተዘረፈ ሰው ነው። ስልክ ያለው ሁሉ ቴሌግራሙ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከሚላከው ኮድ ሌላ የራስን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ያብራ። ክፍሉ ወደ ቤት ይዞት ከሚሄደው ሁሉ ወላጆች የሚያመሰግኑሽ በዚህኛው ነው። ለልጃገረዶቹ ደግሞ ፎቷቸውን ይዞ የሚያስፈራራቸው ሰው ቢመጣ ለማን እንደሚናገሩ በስም ይወቁ፤ አንቺ ካልሆንሽ ሌላ የሚታመን መምህርት ጠቁሚያቸው፤ እስከዚያው መልእክቱን እንዳያጠፉት ንገሪያቸው።

የቤት ሥራቸውን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እያሠሩ ከመጡም አትደንግጪ። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ስላሠሩት ስለ አይጠየፍ አዳራሽ በአማርኛ እንዲጠይቁት አድርጊና መልሱን ይዘው የአገር ሽማግሌ ዘንድ ይሂዱ። የቱ ትክክል፣ የቱ የተፈጠረ እንደሆነ መስመር በመስመር ይለዩ። ጥርጣሬን በዚህ ዕድሜ ካልለመዱ በኋላ ይከብዳቸዋል።

ርዕሰ መምህሩ ውጤት መፈለጋቸው አይፈረድባቸውም፤ እሳቸውንም የሚጠይቅ አለ። አንቺ የምትችዪው ጥያቄውን መቀየር ነው። «አምስት የኢንፑት መሣሪያዎችን ዘርዝሩ» ከማለት፣ አንድ መስመሩ የተሳሳተ የትእዛዝ ዝርዝር ስጪና «ስህተቱን ፈልጉና አርሙ» በዪ። ያው በ10 ይታረማል፣ ያው ውጤት ሆኖ ይመዘገባል። የመማሪያ መጽሐፉን ምዕራፎችም አትዝለዪ፤ ማስታወሻውን አባዝተሽ ለቡድን አንድ አንድ ብትሰጪ ለመገልበጥ የሚሄደው ጊዜ ይተርፍሻል። ከተከታታይ ምዘናው ላይ የማሽን ሥራውን የተወሰነ ነጥብ እንዲይዝ ጠይቂያቸው። ሲጠይቁሽ ለማሳየት የልጆቹን የዘመን ቆጠራ ወረቀት ይዘሽ ግቢ።

ለራስሽ ደግሞ፣ በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ካልወሰድሽ የፕሮግራሚንግ መሠረታውያኑን ውሰጂ። ነፃ ነው፣ በስልክም ይከፈታል። እንግሊዝኛው ይከብዳል ብለሽ አትተዪው፤ የሒሳብ ሰው ሐሳቡን አስቀድሞ ያውቀዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ጎረቤትሽን ተጠቀሚ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማሽ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች እዚያ ሞልተዋል፤ ማኅበረሰብ አገልግሎት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። በትምህርት ቤቱ ማኅተም አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ልመናው ግልጽ ይሁን። «እርዱን» ብቻ ከሆነ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የማይሠሩት ማሽኖች ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያሳዩ (አይበራም፣ ይበራና ይጠፋል፣ ይጮኻል) በዝርዝር ጻፉ፤ ሁለት ተማሪ ለአንድ ቅዳሜ ላኩልን በሉ። ከሁለት የሞቱ ማሽኖች አንድ የሚሠራ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ የአንዱን ሜሞሪ ለሌላው መስጠት ብቻ የሚበቃበትም አለ። ያ ወንድሙ ጥገና ቤት ያለው ልጅ በዚያ ቅዳሜ እንዳይቀር።

ሰኞ የፊደሉን ቁጥር ስጪያቸው። የጥንዶቹን ስም ዝርዝር እሁድ ማታ ጨርሺው፤ ክፍል ገብተሽ ለመመደብ ከሞከርሽ ማውዙ እንደገና እነዚያው ልጆች ጋ ይደርሳል።